ያልዋጥኩት እንክብል

የከተማችንን ስም አልጠራም። ብጠራው ግማሻችሁ "እሱማ ሩቅ ነው" ብላችሁ ትገላገላላችሁ፤ ግማሻችሁ ደግሞ "እኛን ሊሰድብ ነው" ብላችሁ ትነሱብኛላችሁ። ለሁለቱም ጊዜ የለኝም። የምጽፈው በችኮላ ነው። ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ነገሩ ቢዘበራረቅባችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በእኛ ከተማ የታመመ ሰው "አሞኛል" አይልም። "ይህን ማን ታሞት ያውቃል?" ነው የሚለው። እንዲህ ሲል ቤተሰቡ ሁሉ ተነስቶ ይፈልግለታል። ብዙም አይደክሙም፤ በየሰፈሩ ምስክር የሚባል ሰው አለና። ምስክር ማለት በአንድ በሽታ ታሞ፣ በአንድ መድኃኒት የዳነና መዳኑ በምስክሮች ሸንጎ መዝገብ የሰፈረለት ሰው ነው። የራስ ምታት ምስክር አለ፣ የሆድ አለ፣ የወገብ አለ። ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ደጁ ላይ አውጥቶ ይቀመጣል። ታማሚው ከፊቱ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ምስክሩ እንዴት እንደታመመ፣ እንዴት እንደዳነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነግረዋል። ታማሚው ስለራሱ አይጠየቅም። ሳይጠየቅ መናገር ከጀመረም በትህትና "ቆይ፣ አስጨርሰኝ" ይባላል።

ከዚያ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ባለ መድኃኒት ቤቱ "ምንህን ነው?" አይልም፤ "በማን ነው?" ይላል። "በጋሽ ስንሻው፣ አምስት ፍሬ" ስትለው የጋሽ ስንሻው ከመደርደሪያው ይወርድልሃል።

ሥርዓቱ ቀልድ የለውም። ምስክር ቃሉን መለወጥ አይችልም። ሸንጎው በዓመት ሁለት ጊዜ አድማጭ ይልካል፤ አድማጩ የምስክሩን ንግግር ከመዝገቡ ጋር ቃል በቃል ያመሳክራል። አንድ የጨጓራ ምስክር "በሦስተኛው ቀን" ማለት ሲገባው "በሦስተኛው ቀን ገደማ" በማለቱ ለሁለት ወር ታግዷል። የልብ ድካም ምስክራችን በልብ ድካም በሞቱ ጊዜ ደግሞ ሸንጎው ሦስት ቀን መክሮ፣ ሰውየው ድነው እንደሞቱ ወሰነ። ወንበራቸው ለልጃቸው ተላለፈ። ልጁ ልቡን ታሞ አያውቅም፤ ግን አባቱ ሲናገሩ እየሰማ ያደገ ስለሆነ አንድ ቃል አያጎድልም። ወረፋ የሚሰለቸው ሰውም አለ። አንድ የማውቀው ሸማኔ ጥርሱን ባመመው ቁጥር የወገብ ምስክር ጋ ይሄዳል፤ እዚያ በርጩማው ጥላ ስር ነው።

ሌላው ልማዳችን ተራፊ ነው። ሰው መድኃኒት የሚወስደው ሻል እስኪለው ነው። ሻል ያለው ዕለት ያቆማል፤ የቀረው ተራፊ ይባላል፣ በጣሳ ይቀመጣል። የታመመ ሰው ሊጠይቅ ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ሰው እንደ ባዶ እጁ ነው የሚቆጠረው። የሚከበረው ከጣሳው ቆንጥሮ፣ በወረቀት ጠቅልሎ የሚመጣው ነው። የተሰጠው ሰው ደግሞ ሰጪው ፊት መዋጥ አለበት። የዳነ ሰው ቤት ሄዶ ተራፊውን መቅመስም ልማድ ነው፤ የጠየቀን በባዶ እጁ መመለስ ነውር ነው። መድኃኒቱን ብቻውን እስከ መጨረሻው የሚጨርስ ሰው ስስታም ይባላል፤ ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ እንኳ የልጅቷ ቤት ጣሳ ስንት ቀለም እንደያዘ ቀደም ብሎ ያጠያይቃል።

እኔ ጥላዬ እባላለሁ። የትኩሳት ምስክር ነበርኩ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስድስት ቀን ሙሉ በትኩሳት ነደድኩ። በስድስተኛው ቀን ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌ ከጣሳቸው ሦስት እንክብል ይዘው መጡ። ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ጥቁር፣ ባቄላ የሚያህል ነገር ነው። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ትልቅ ነገር መዋጥ አይሆንልኝም፤ ያንቀኛል። ያን ሁሉ ሰው ፊት ይህን መናገር አፈርኩ። እንክብሉን ጉንጬ ውስጥ ወሸቅሁና ውሃውን ጠጣሁ። "እሰይ!" ተባለ። ሲወጡልኝ ተፋሁት። በማግስቱ ሁለተኛውን፣ በሦስተኛው ቀን ሦስተኛውን እንዲሁ አደረግሁ። በዘጠነኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ።

እትዬ ዘርፌ እልልታቸውን አቀለጡት። ወዲያው የሸንጎው ጸሐፊ መዝገቡን ታቅፎ መጣ።

"ስንት ዋጥክ?" አለኝ።

እትዬ ዘርፌ አጠገቡ ቆመዋል፤ ፊታቸው በርቷል።

"ሦስት" አልኩ።

ውሸቴ ይህችን ታህላለች። ሴትዮዋን ላለማሳፈር የተነፈስኳት አንዲት ቃል ተጻፈች፣ ማኅተም ተመታባት፣ ወንበር ተሰጠኝ። በዓመቱ ሰዉ የእንክብሉን ስም ረስቶ በእኔ ስም ይጠራው ጀመር። መድኃኒት ቤት ደጃፍ ሳልፍ "ሦስት ጥላዬ ስጠኝ" ሲባል እሰማለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ዞር ብዬ "አቤት" እል ነበር።

ለምን አልተናገርክም ትሉኝ ይሆናል። ቀላል ይመስላችኋል? ወንበሩ ደስ ይላል። ሰው ከሩቅ ባርኔጣውን ያነሳልሃል። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ሲቀመጥ ይንቀጠቀጣል፣ ሲነሳ ተረጋግቷል፤ ያረጋጋሁት እኔ ነኝ። ደግሞም ብዙዎቹ ድነዋል። መጥተው እጄን ይስማሉ። ያልዳኑት ተመልሰው አይመጡም፤ ስለዚህ ደጄ ላይ የማየው የዳነ ሰው ብቻ ነበር። አንዳንዴ በመንገድ ላይ ድንኳን ሳይ እግሬን አፋጥን ነበር፤ ማን እንደሞተ አልጠይቅም።

ልጄ ትርንጎ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ እሷን ስትወልድ ነው ያለፈችው፤ ከእኔ ሌላ የላትም፣ እኔም ከእሷ ሌላ የለኝም። ጠዋት ስመሰክር ከኋላዬ ቆማ እየሰማች አደገች። ቃሌን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች፤ ሳል ሲያቋርጠኝ ከጓዳ ሆና ትቀጥልልኝ ነበር።

በዚሁ ወር፣ አሥራ ሰባት ዓመት ከሞላት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ምሳ እየበላን እጇ እጄን ነካው። እሳት ነው።

"ትርንጎ፣ ትኩሳት አለብሽ እኮ!"

"አዎ፣ አራተኛ ቀኔ ነው" አለች፤ ሳቅ ብላ።

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ምን ብዬ ልንገርህ፣ አባዬ? ያንተን እየወሰድኩ ነዋ።" ከኪሷ ወረቀት አውጥታ ፈታችልኝ። ቢጫና ጥቁር።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ይህን መስመር ጽፌ ተነስቼ ነበር፤ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞሬ ተመለስኩ። አልተናገርኩም። "ተይውና ሐኪም ጋ እንሂድ" ብቻ አልኳት።

ሐኪም አለን። አንድ ነው፤ ከገበያው በታች ነው የሚኖረው። ሰው እሱ ጋ የሚሄደው ከሥራ የሚቀርበት ወረቀት ሊያጽፍ፣ ወይም ከዳነ በኋላ የታመመው ነገር ምን እንደሚባል ሊጠይቅ ነው።

"ሐኪም ጋ?" አለች ትርንጎ። "የትኩሳት ምስክር ልጅ በትኩሳት ሐኪም ጋ ሄደች ሲባል ሰው ምን ይልሃል? ቆይ፣ ነገ ይሻለኛል።"

የሚያሳፍረው ነገር ይህን ስትል ቀለል ያለኝ መሆኑ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? እሷ እምቢ አለች ብዬ ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ቁጭ ማለት አቃተኝ። ደጅ ወጥቼ እገባለሁ፣ ግንባሯን እነካለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። የሚገርመው ደግሞ በእነዚያ ሁለት ቀናት ለሰባት ሰው መስክሬያለሁ። አንድ ቃል አልተሳሳትኩም።

በሰባተኛው ቀን መታመሟ ተሰማ። ምስክር የገዛ ልጁን በገዛ ቃሉ ሲያድን በከተማችን ታይቶ ስለማይታወቅ ሸንጎው ነገሩ በአደባባይ ይሁን አለ። ሰዎች መጥተው ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ይተክሉ ጀመር። "ድንኳኑ ለምንድነው?" ብዬ ብጠይቅ "ለየትኛውም ይሆናል" አሉኝ።

ዋና ምስክሩ አቶ ደርበው ካባቸውን ደርበው መጡ። አቶ ደርበው ከሃያ ዓመት በፊት ከስቅታ የዳኑ ሰው ናቸው። ትርንጎን ደግፈው አውጥተው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። ሰዉ ግቢውን ሞልቶ አጥር ላይ ወጥቷል። እትዬ ዘርፌ የክብር እንግዳ ስለሆኑ ከፊት ተቀምጠዋል።

"በዚህ ዕለት" አሉ አቶ ደርበው፣ "አባት በእጁ ያጎርሳታል፤ ቃሉንም ይሰጣል። በል ጥላዬ።"

እንክብሉን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ትርንጎ አፏን ከፈተች። ዓይኖቿ እኔ ላይ ናቸው፤ ምንም አይጠራጠሩም።

"ስድስት ቀን ነደድኩ" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ቀጣዩ ቃል እምቢ አለኝ። ቆምኩ። ልጄ ረስቼው መስሏት፣ በዚያ በደረቀ አፏ ቀስ ብላ "በስድስተኛው ቀን…" ብላ አስታወሰችኝ።

"አልዋጥኩትም" አልኩ።

"ምን አልክ?" አሉ አቶ ደርበው።

"አልዋጥኩትም። አንዱንም አልዋጥኩም። ያንቀኛል። ጉንጬ ውስጥ ደብቄ ተፋሁት። ትኩሳቱ ራሱ ነው የለቀቀኝ።"

 መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ዘርፌ ናቸው።

"ሦስቱንም?"

"ሦስቱንም፣ እትዬ።"

"ያን ጊዜ የእኔም ልጅ ታሞ ነበር" አሉ፤ ድምፃቸው አልጮኸም። "ከእሱ ቀንሼ ነው ላንተ ያመጣሁት።" ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱና ወጡ። ልጃቸው አለ፤ አንድ ጆሮው ግን ከዚያ ሕመም ወዲህ አይሰማም። ስንት ጊዜ በዚያ በማይሰማው ጆሮው በኩል ቆሜ ሰላም ብዬው ዝም ሲለኝ ተቀይሜዋለሁ።

ትርንጎ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

"ሰባት ቀን ዋጥኩት" አለች። "እኔንም ያንቀኛል እኮ፣ አባዬ። በየቀኑ ያንቀኛል። አባዬ ችሎታል እያልኩ ነበር የምውጠው።"

ከዚህ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላውቅም። ተሸክሜያት ወጣሁ። መንገድ የከለከለኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እርስ በርሱ መከራከር ጀምሮ ነበር።

ሐኪሙ አጭር፣ ብስጩ ሰው ነው። ደረቷን ከፊትም ከኋላም አዳመጠ። ምን ስትወስድ እንደቆየች ጠየቀ። ስነግረው መሣሪያውን ከጆሮው ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"ድሮ ቢሆን ይሠራ ነበር" አለ። "ይኼ ከተማ ሁለት ቀን እየቀመሰ፣ ሦስት ቀን እየቀመሰ፣ ቀሪውን ለጎረቤት እያደለ በሽታውን አስለመደው። አሁን በሽታው ያንተን እንክብል ቢያየው ሰላም ይለዋል።"

"ሌላ የለም?"

"አለ።" ከመሳቢያው ነጭ ኪኒን ያለበት ካርቶን አወጣ። "ሃያ ስምንት ፍሬ ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ አሥራ አራት ቀን። ያለኝ ይኸው ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ጭነት የሚመጣው በወሩ መጨረሻ ነው። ስማ! በአምስተኛው ቀን ደህና ትሆናለች። የሚገድላት ያ ቀን ነው። ደህና ነኝ ብላ ካቆመች ይመለስባታል፤ ሲመለስ ደግሞ ይኼም ላያቆመው ይችላል፤ በሁለት ቀን ይገድላል። እስከ መጨረሻዋ ፍሬ!"

"እስከ መጨረሻዋ ፍሬ" አልኩ። ትርንጎም ደገመችው።

በሁለተኛው ቀን የሸንጎው ውሳኔ በየሰፈሩ ተነበበ። ጥላዬ መዳኑን አልካደም፤ የካደው መዋጡን ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንክብሉ የሚያድነው ጉንጭ ውስጥ ቆይቶ ሲተፋ ነው ይላል። ሳይመሽ መድኃኒት ቤቱ መትፊያ ጭልፋ ማስገባት ጀመረ። ከተማው ዋጮችና ተፊዎች ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ዋጮች ተፊዎችን ከሃዲ ይላሉ፤ ተፊዎች ዋጮችን ኋላ ቀር ይላሉ። ከሁለቱም ወገን የሚድን ይድናል፣ የሚሞት ይሞታል። እንክብሉ ግን አሁንም የሚጠራው በእኔ ስም ነው።

እኔ ግድ አልነበረኝም። ጠዋትና ማታ ኪኒኗን በእጄ እሰጣታለሁ፤ ውሃ ከጠጣች በኋላ አፏን ከፍታ ታሳየኛለች። ሁለታችንም በዚህ እንስቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማፏጨቱ ቀነሰ። በአራተኛው ቀን ቁራሽ ዳቦ በላች። በአምስተኛው ቀን ደጅ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች፣ ፀጉሯን አበጠረች። ይቅር ብላኝ ይሆን እያልኩ ፊቷን ሳጠና "ምን ታፈጥብኛለህ?" አለችኝ። ደስታ ሊገድለኝ ነበር። ሰውም ፀሐይ ስትሞቅ አያት።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት አሥራ አንደኛዋን ፍሬ ሰጥቻት ሳልጨርስ የሸንጎው መልእክተኛ መጣ። ባልቀርብ በሩ እንደሚታሸግ ነገረኝ። ሄድኩ።

ሸንጎው ዘጠኝ ሰው ሆኖ ተቀምጧል። ተፊዎች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም ነበርና ሊጠይቁኝ ነው የጠሩኝ።

"በየትኛው ጉንጭ ነበር?" አሉ አቶ ደርበው።

"አላስታውስም።"

"አስብ እንጂ! ሰው እየጠበቀ ነው። ቀኙ ነው የሚሉ አሉ፣ ግራው ነው የሚሉ አሉ፤ ትናንት ገበያ ላይ ተፈናክተዋል።"

"አቶ ደርበው፣ እንክብሉ ምንም አልሠራልኝም።"

"እሱን ሰምተናል። በየትኛው ጉንጭ ምንም ሳይሠራልህ ቀረ?"

ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያዙኝ። ጉንጬን አዩ፣ በጣት ለኩ፣ ውሃ አጉርሰው ወዴት እንደምገፋው ታዘቡ። በመጨረሻ "በሁለቱም" ተብሎ ተጻፈና ተለቀቅሁ። እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት፤ ለምን እንደሮጥኩ ግን አላውቅም።

ትርንጎ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ይታያል። ባዶ ነው።

"የት ሄደ?"

"እትዬ ዘርፌ መጡ" አለች። ድምፅዋ ፈርቷል። "ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም። 'ድነሻል፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተራፊሽን ልቀምስ ነው' አሉኝ። ሐኪሙ ከልክሎኛል ልል ነበር። ግን ከልጄ ቀንሼ ሰጠሁት ያሉት ሴትዮ ናቸው እኮ፣ አባዬ። ምን ብዬ እምቢ ልበላቸው? አንድ ሰጠኋቸው። ከኋላቸው ሌሎች ቆመው ነበር። ለእሳቸው ሰጥቼ ሌላውን እንዴት ልከልክል?"

"ሁሉንም?"

"ለአሥራ ሰባት ሰው። ደህና ነኝ ደግሞ፣ እየኝ።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና "አንተም እኮ ሰው በባዶ እጁ መልሰህ አታውቅም" አለች።

 የእኔው ልጅ ናት፤ እንዲህ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ጠዋት ጠዋት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።

"ፊትሽ ዋጡት?"

"ፊቴ ዋጡት። እንደ ልማዱ።"

ይህን ስትል ነው ተስፋው የመጣልኝ። እኔም ሰው ፊት ነበር "የዋጥኩት"። ከአሥራ ሰባት ሰው መሐል አንድ ሁለቱ እንደ እኔ ጉንጫቸው ውስጥ ደብቀው አይሆንም? ደግሞም ግማሹ ከተማ ተፊ ሆኗል፤ ተፍተው ይሆናል፣ በጭልፋ ይዘውት ይሆናል! አሥራ ሰባቱንም ስማቸውን አስቆጠርኳትና ወጣሁ። በየበሩ አንድ እንደ እኔ ያለ ውሸታም ፍለጋ።

መጀመሪያ ሸማኔው ጋ ሄድኩ።

"ዋጥከው?"

"ዋጥኩት።"

"ምንህን አሞህ ነበር?"

"ምንም። ወደፊት ለሚያመኝ ነው።"

ሁለተኛዋ አንዲት የታወቀች ተፊ ናት፤ በሯ ላይ ጭልፋ ሰቅላለች። "ተፍተሽው ይሆን?" ብዬ ለመንኳት። "ያንተን ነው እንጂ የምተፋው፣ ይኼ የልጅቷ ነው" አለችኝ። ሦስተኛው ባልና ሚስት ለሁለት ከፍለው ውጠውታል። አንዱ ይዞ በመጣው እንጀራ፣ አንዱ ይዞ በመጣው ጠላ። አንድ ሽማግሌ ግማሹን ትርንጎ ፊት ውጠው ግማሹን ከላማቸው መኖ ጋር ቀላቅለውታል፤ ላሟ ሰሞኑን ፊቷ አላማራቸውም። ከአሥራ ስድስት ቤት ወጥቼ አንዲት ፍሬ አላገኘሁም። በሕይወቴ ያን ያህል ሐቀኛ ሰው በአንድ ቀን አይቼ አላውቅም።

የቀረው የእትዬ ዘርፌ ቤት ነው። ደጃቸውን አንኳኳሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም። ከፈቱልኝ፣ ግባ ግን አላሉኝም።

"እትዬ ዘርፌ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስለ እኔ አይደለም የመጣሁት። ያች ኪኒን የትርንጎ ሕይወት ናት። ምናልባት አልዋጧት ከሆነ… ምናልባት ጉንጭዎ ውስጥ… አልቆጣም፣ ለማንም አልናገርም። ብቻ ካለች ይስጡኝ።"



"ታምሜ አልነበረም" አሉ። "የጠየቅኳት ልማዱ ስለሆነ ነው፤ መዋጥም አልፈለግሁም ነበር። ግን ከሰው ቤት፣ ከልጅ እጅ የተሰጠኝ ነው። እስከ መጨረሻው ውጬዋለሁ። እኔ እንዳንተ መሰልኩህ?"

በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ሐኪሙ ጋ ሮጥኩ። ገና በሩ ላይ ሲያየኝ ገብቶታል። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጭነቱ እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን እንደሚቀር ቆጥሮ ነገረኝ። ውሃ ስጣት፣ አቀዝቅዛት፣ ጠዋትና ማታ መጥቼ አያታለሁ አለኝ።

ቤት ስገባ ትርንጎ አልጋዋ ላይ ነች። ጉንጯ ቀልቷል። እንዳላውቅባት ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባዋለች።

"ስንት አገኘህ?" አለች።

አፌ ለዚህ የሠለጠነ ነው። "በቂ አግኝቻለሁ፣ አይዞሽ" ለማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅብኝም፤ ብለው ደግሞ ያን ቀን ትረጋጋ ነበር።

"አንድም" አልኳት።

 ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ።

"ያኔ ግን" አለች፣ "እንክብሉን ካልዋጥከው፣ እንዴት ዳንክ?"

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ሰው ፊቴ ተቀምጧል። ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።

"አላውቅም" አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። የተጣላችኝ አትመስልም ነበር። ትኩስ እጇን እጄ ላይ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች።

ይኼ ከሆነ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሐኪሙ በጠዋትና በማታ ይመጣል፤ አዳምጦ ሲጨርስ ፊቱን አያሳየኝም። ሰውም ይመጣል፣ ልጠይቃት ብሎ ሳይሆን ሊጠይቀኝ። ሲመለስ በሁለት ቀን ይገድላል ተብሎ የነበረ ትኩሳት ይዟት ዘጠኝ ቀን የቆየችው ምን ሰጥተሃት ነው ይሉኛል። "ውሃ" ስላቸው ስንት ብርጭቆ፣ በየትኛው እጅ ብለው መዝገብ ይዘው ተመለሱ። አሁን የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አላውቅም እላቸዋለሁ። የደበቅኳቸው መስሏቸው ተቆጥተው ይሄዳሉ። ይኸው አሁንም በሩ እየተንኳኳ ነው፤ አልከፍትም።

ትርንጎ ትተነፍሳለች። ከተቀመጥኩበት እሰማታለሁ። ጭነቱ ሊመጣ ሁለት ቀን ቀርቷል።